ስለ ካሳንቺስ የቀበሌ አዳራሽና ስለ አባቴ መዝገብ፦ ግልጽ ደብዳቤ

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር
ለአዲስ አበባ ባህል፣ ኪነ ጥበብና ቱሪዝም ቢሮ
በየጋራ መኖሪያ ቤቱ ለተበተናችሁ የካሳንቺስ ልጆች

ጉዳዩ፦ ሰፈሮች ሲነሡ በውስጣቸው የተፈጸመውም እንዲመዘገብ ስለመጠየቅ

አንድ ሰፈር ለልማት ሊነሣ ሲል አስቀድመው የሚመጡት ሜትር የያዙ ሰዎች ናቸው። ግድግዳው የጭቃ ይሁን የብሎኬት፣ ጣሪያው ስንት ቆርቆሮ እንደፈጀ፣ በሩና መስኮቱ የእንጨት ይሁን የብረት፣ በግቢው የበቀለው ዛፍ ሳይቀር በቅጹ ላይ ይሰፍራል። ሥራቸውን በጥንቃቄ ሲሠሩ አይቻለሁ። በዚያ ቅጽ ላይ ግን «በዚህ ግቢ ውስጥ ምን ተፈጽሞ ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ መስመር የለም። የምጽፍላችሁ ይህ መስመር እንዲጨመር ለመጠየቅ ነው።

የተወለድኩት በ1957 ዓ.ም. ካሳንቺስ ነው። ያደግኩትም፣ የተማርኩትም እዚያው ነው። በመምህርነት ተመድቤ ወደ ባሕር ዳር ከሄድኩ በኋላ ኑሮዬ በዚያ ሆነ፤ እናቴን ለመጠየቅ ብመጣም ሰፈሩን እንደ እንግዳ አይቼ እመለስ ነበር። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካሳንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲነሣ ግን የእናቴን ዕቃ ለማሸግ መጣሁ። በዚያን ጊዜ የሰፈሬን ያለፈ ታሪክ ፊት ለፊት ከማየት በቀር ማምለጫ አልነበረኝም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ግልጽ ላድርግ። መንገዱ አይስፋ፣ አሮጌው አይፍረስ ብዬ የምከራከር ሰው አይደለሁም። እናቴ ዕድሜዋን በሙሉ በጋራ መጸዳጃ ቤት፣ በጋራ ቧንቧ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር በሚያፈስ ጣሪያ ሥር ኖራለች። አሁን ገላን ጉራ በተሰጣት ቤት ውሃ ከራሷ ወጥ ቤት ትቀዳለች። ይህን ማናናቅ አልችልም። እርሷ የምታዝነው ለግድግዳው አይደለም። «ማን ሞተ ብሎ የሚነግረኝ ጥሩንባ እዚህ አልሰማም» ትላለች።

ካሳንቺስን የምታውቁት በሆቴሎቹ፣ በምሽት ቤቶቹና በአዝማሪዎቹ ከሆነ፣ ሌላው ካሳንቺስ ከታላቁ ቤተ መንግሥት ሥር የተሸጎጠ የሠራተኛና የአነስተኛ ነጋዴ ሰፈር ነበር። ቤተ መንግሥቱ ቅርብ ስለሆነ አገሪቱ ውስጥ የሚሆነውን ከሬዲዮ በፊት በጆሯችን እንሰማ ነበር። ጥር 26 ቀን 1969 ጄኔራል ተፈሪ ባንቲና ሌሎች የደርግ አባላት እዚያው ግቢ ውስጥ ሲገደሉ አባቴ መስኮቱን ዘግቶ እንዳንወጣ ሲከለክለን ትዝ ይለኛል። በነጋታው ማንም ስለ ጉዳዩ ጮክ ብሎ አላወራም። እኛ ልጆች ዝም ማለትን የተማርነው በዚያ ሳምንት ይመስለኛል።

የቀበሌያችን ጽሕፈት ቤት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ከተወረሱት ቤቶች አንዱ ነበር። ሰፊ በረንዳ ያለው ቪላ ነው፤ ሳሎኑ የስብሰባ አዳራሽ ሆነ፣ መኝታ ቤቶቹ ቢሮ ሆኑ። ከጎኑ የባለቤቱ መኪና የምታድርበት ጋራዥ ነበር፤ የብረት በር ያለው፣ መስኮት የሌለው። ይህ ጋራዥ ከ1969 መጋቢት ጀምሮ እስር ቤት ሆነ። የቀበሌውን ቁጥር እዚህ አልጽፍም፤ ለአንድ ቀበሌ የተለየ ክስ ማቅረብ ፈልጌ አይደለምና። በአዲስ አበባ ወደ ሦስት መቶ የሚጠጉ ቀበሌዎች ነበሩ። በአዋጅ ቁጥር 104/1969 ሥልጣናቸው ሲሰፋ፣ የአብዮት ጥበቃ ጓዶቻቸውም ሲታጠቁ፣ ብዙዎቹ እንዲህ ያለ ክፍል ነበራቸው። ከእነዚህ መካከል ዛሬ በር ላይ ምልክት ያለበትን አንድም አላየሁም።

በኋላ ዘመን የዚያ ቪላ ዕጣ እንዲህ ሆነ፦ ስኳርና ዘይት በካርድ ታደለበት፣ ሕፃናት ተከተቡበት፣ እኔም የመጀመሪያ መታወቂያዬን ወሰድኩበት። ጋራዡ የመጋረጃና የወንበር ማስቀመጫ ሆነ። ሰዎች ተሰልፈው ስኳር ሲጠብቁ ጀርባቸውን የሚያስደግፉት በዚያ የብረት በር ላይ ነበር። ከተሰላፊዎቹ መካከል ልጇ በዚያ በር ገብቶ ያልተመለሰላት እናት ነበረች፤ ጎረቤታችን ናት፣ ግድግዳችን አንድ ነው። እርሷ በሩን አትደገፍም ነበር። ከሰልፉ አንድ እርምጃ ወጣ ብላ ትቆማለች፤ ተራዋን ግን ማንም አይነጥቃትም። ሁሉም ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ልጇ የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ለእኛ ለታናናሾቹ ሒሳብ የሚያስጠናን እርሱ ነበር፣ ያለ ክፍያ። ሚያዝያ 9 ቀን 1969 መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በአብዮት አደባባይ ቀይ ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶችን እየፈጠፈጠ «ነጭ ሽብር» ላለው መልሱ ቀይ ሽብር መሆኑን ካወጀ በኋላ፣ ሰፈሩ ውስጥ ሌሊት በር ማንኳኳት የተለመደ ሆነ። ልጁ በ1970 መጀመሪያ ተወሰደ። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ከዋናው መንገድ ዳር ከሌሎች ጋር ተጥሎ ተገኘ፤ ደረቱ ላይ ወረቀት ተለጥፎ ነበር። እናቱ አስከሬኑን ለመውሰድ የጥይቱን ዋጋ እንድትከፍል ተጠየቀች፤ ሌሎች እናቶችም እንዲሁ ተጠይቀዋል። ማልቀስ ተከልክሎ ስለነበር ደጇ ላይ ድንኳን አልተተከለም። ጎረቤቶቿ ወንፊት ለመዋስ፣ ክብሪት ለመለመን እየመሰሉ አንድ በአንድ ገብተው እጇን ይዘው ይወጡ ነበር። እናቴም ወንፊታችን ቤት ተቀምጦ ሳለ ወንፊት ለመዋስ ሄደች። እኔ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ለምን እንደሄደች የገባኝ ስትመለስ ነው።

በእኛ ሰፈር የፈሰሰው ደም የአንድ ወገን ብቻ አልነበረም። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ከዚያ ቀደም ብሎ ደጃፉ ላይ በከተማ ታጣቂዎች ተገድሏል። ልጆቹ አብረውን ብይ የሚጫወቱ ነበሩ፤ አባታቸው ወድቆ ያዩት እነርሱ ናቸው። በዚህ ደብዳቤ የምጠይቀው ነገር ለእርሱም ልጆች የሚሆን ነው።

አሁን ወደ አባቴ ልምጣ። ይህን ለመጻፍ ከወንድሞቼና ከእናቴ ጋር ተነጋግረን ተስማምተናል።

አባቴ የዚያ ቀበሌ ጸሐፊ ነበር። በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ስለነበረና ጽሕፈቱም ያምር ስለነበር መረጡት። በጋራዡ የሚያድሩትን ሰዎች ስም ዝርዝር የሚጽፈው እርሱ ነው። መሣሪያ አልያዘም፤ ይህን ግን ለመከላከያ አላቀርበውም፤ ዝርዝሩ ያለ ጸሐፊ አይኖርም ነበርና። በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲወድቅ ተጠርቶ ተጠየቀ፣ ተለቀቀ፣ ከዚያም እስኪሞት ድረስ ስለዚያ ጊዜ አንድ ቃል አልተነፈሰም። እኛም አልጠየቅነውም። አባትን በገዛ ቤቱ መጠየቅ እንዴት እንደሚከብድ ያላየ አይረዳውም።

አባቴ የሰፈራችን እድር ጸሐፊም ነበር። ሰፈሩ ሲነሣ እድርተኛው ተሰብስቦ ንብረቱን መከፋፈል ነበረበት። ድንኳኑን ወደ አራብሳ የሄዱት ወሰዱ፤ ብረት ድስቶቹንና ወንበሮቹን ገላን ጉራ የደረሳቸው ተካፈሉ፤ ጥሬ ገንዘቡ በነፍስ ወከፍ ተሰጠ። ከሣጥኑ ሥር የቀሩትን አሮጌ መዝገቦች የሚፈልግ ጠፋ። አንደኛው ሽማግሌ «የአባትሽ እጅ ነው፣ አንቺው ያዢው» ብለው ሰጡኝ።

መዝገቡ ባለ ጠንካራ ልባስ ነው። ተራ ቁጥር፣ የሟች ስም፣ ከአባሉ ጋር ያለው ዝምድና፣ ቀን፣ ለቀብር ማስፈጸሚያ የተከፈለ፣ የጸሐፊና የገንዘብ ያዥ ፊርማ። የ1969ንና የ1970ን ገጾች ገለጥኩ። አንዲት አሮጊት አሉ። በወሊድ የሞተች ሴት አለች። ሊቀ መንበሩ አለ፤ የድንኳኑ፣ የንፍሮው፣ የአስተዛዛኙ ሻይ ወጪ ሳይቀር ተዘርዝሯል። ከሰፈሩ ወጣቶች ግን አንድም የለም። ሒሳብ ያስጠናን ልጅ የለም። እድሩ አልቀበራቸውም፣ ስለዚህ አልሞቱም ማለት ነው። ይህን ስጠብቅ ነበርና አልደነቀኝም። ያስደነገጠኝ በየመካከሉ ተራ ቁጥራቸው ብቻ ተጽፎ ባዶ የተተዉ ረድፎች መኖራቸው ነው። ሰባት ናቸው። ቁጥሩ አልተዘለለም፤ በጥንቃቄ ተጽፏል፤ ከፊት ለፊቱ ግን ምንም የለም።

አባቴ ይህን ያደረገው አንድ ቀን ስማቸውን ሊሞላ አስቦ ይሁን፣ ወይም ሌላ ምክንያት ኖሮት፣ ሊነግረን የሚችለው እርሱ ብቻ ነበር። ለአባቴ መመስገኛ አላደርገውም። የጋራዡን ዝርዝር በሙሉ ስም የጻፈ እጅ የእድሩን መዝገብ ባዶ ትቷል። ከዚያ በኋላ ረጅም ዘመን ኖሯል፤ እናቶቹም በሕይወት ነበሩ፤ እስክሪብቶም አላጣም።

ከዚያ በኋላ በጋራዡ በር ላይ ዘብ ይቆም የነበረውን ሰው ፈለግኩት። በዚያን ጊዜ ዐሥራ ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው፤ የያዘው ዲሞትፈር ጠመንጃ ከቁመቱ ይበልጥ ነበር። ዛሬ ከልጁ ቤተሰብ ጋር በጋራ መኖሪያ ቤት ይኖራል። የማን ልጅ እንደሆንኩ ስነግረው በሩን ይዘጋብኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። አስገባኝ። ምራቱ ቡና አፍልታ ስትወጣ፣ ጋራዡ ውስጥ ማን የት ጥግ ይተኛ እንደነበር፣ ምግብ ለማቀበል የመጡ እናቶች ሳህኑን የት እንደሚያስቀምጡ፣ ማን በየትኛው ሌሊት እንደተወሰደ ነገረኝ። የተወሰዱትን በስም ጠርቷቸዋል። ከቤተሰቦቻቸው ጋር ሳመሳክር አምስቱ በባዶዎቹ ረድፎች አካባቢ ካሉት ቀኖች ጋር ገጠሙ። ሁለቱን ረድፎች እርሱም አላወቃቸውም።

ይቅርታ አልጠየቀኝም፤ ብጠየቅም ይቅር የማለት ሥልጣን የእኔ አልነበረም። የጎረቤታችን ነበር፤ እርሷም ልጇን ሳታለቅስለት አልፋለች። አንድ ነገር ግን ጠየቀኝ፦ «የመንግሥት ሰው መጥቶ ቢጽፍ፣ የጻፈውንም መልሶ ቢያነብልኝ፣ ያለ አንዳች ማስቀረት እናገራለሁ። ለልጆቼ ግን አልችልም።» ይህ ሰው ስልሳ አምስት ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ ደምና ስኳርም አለበት። እንዲህ ዓይነት ሰዎች በየጋራ መኖሪያ ቤቱ አሉ፤ እስከ መቼ እንደሚቆዩ ማንም አያውቅም።

አገሪቱ ምንም አላደረገችም አልልም። ልዩ ዐቃቤ ሕግ ተቋቁሞ 5,198 ሰዎች ተከሰዋል፤ የዋናዎቹ ባለሥልጣናት ችሎት በ1987 ተጀምሮ በ1999 ፍርድ ተሰጥቷል። በ1986 በኮተቤ የጅምላ መቃብር ሲቆፈር ከአርጀንቲና የመጡ የፎረንሲክ ባለሙያዎች ረድተዋል። በ2002 በመስቀል አደባባይ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ተከፍቷል፤ ያንን የፎቶግራፍ ግድግዳ አይቶ ዐይኑ የማይሞላ ያለ አይመስለኝም። በአንድነት ፓርክም የደርግ እስረኞች የታጎሩበትን የዙፋን ቤት ምድር ቤት ማንም ገብቶ ማየት ይችላል። እነዚህ ሁሉ ግን የቤተ መንግሥቱና የአደባባዩ ታሪክ ናቸው። ቀይ ሽብር በአብዛኛው የተፈጸመው በሰፈር ነው፤ ጎረቤት በጎረቤት ላይ፣ ከቤታችን በመቶ ሜትር ርቀት፣ በስም በሚተዋወቁ ሰዎች መካከል። ይህ የሰፈር ታሪክ ሙዚየም የለውም። የነበረው ማስታወሻ ሰፈሩ ራሱ ነበር፦ በሩን የማትደገፍ እናት፣ እርሷን አይቶ ተራዋን የሚጠብቅላት ሰልፍ። እነዚህ ሰዎች አብረው እስከኖሩ ድረስ ማንም ሳይናገር እንኳ ሁሉም ያስታውስ ነበር። አሁን ቪላውም ፈርሷል፣ ሰዎቹም ከአራብሳ እስከ ገላን ጉራ ተበትነዋል። አዲሱ ጎረቤት ይህን አያውቅም፤ ሊያውቅም አይችልም።

ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ዕድል አምልጦናል። ዓለም በቃኝ የተባለው ወኅኒ ቤት፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 የተገደሉት ባለሥልጣናት ታሪክ ያለበት፣ ፈርሶ ቦታው ላይ የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት ተሠርቶ በ2004 ተመርቋል። ያ የዓለም ዐይን ያለበት ቦታ ስለሆነ ቢያንስ ስለ መታሰቢያው የሚናገር አላጣም። ስለ አንድ የካሳንቺስ ጋራዥ ማን ይናገራል?

ስለዚህ የምጠይቀው የሚከተለው ነው። ገና ባልተነሡ ሰፈሮች የቤት ልኬት ቡድን ሲሰማራ ከእርሱ ጋር አንድ የታሪክ ባለሙያ፣ ካልተገኘም የሠለጠነ መዝጋቢ ይሂድ። የቀድሞ የቀበሌ ጽሕፈት ቤቶች፣ አዳራሾችና መጋዘኖች ከመፍረሳቸው በፊት ፎቶግራፍ ይነሡ፣ ፕላናቸው ይነደፍ፤ በውስጣቸው የታሰሩም፣ ያሰሩም፣ ደጅ የጠበቁም ሰዎች ቃል ይቀረጽ። ይህ ብዙ ገንዘብ የሚፈጅ ሥራ አይደለም፤ የግንባታውንም መርሐ ግብር አያዘገይም፤ ሰዎቹ እዚያው፣ መለኪያው በተዘረጋበት ቀን፣ ደጃቸው ላይ አሉና። አንድ ጊዜ ከተበተኑ ግን አንዱን ሰው ለማግኘት እንኳ ምን ያህል እንደሚያደክም እኔ ምስክር ነኝ። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን መመዝገብና መጠበቅ የመንግሥት ኃላፊነት መሆኑን ደንግጓል፤ ቅርስ ማለት ግን የምንኮራበት ብቻ እንዳይሆን እለምናለሁ።

በካሳንቺስ ቪላው የነበረበት ቦታ ዛሬ የእግረኛ መንገድና አረንጓዴ ሥፍራ ሆኗል፤ ያማረ ነው። እዚያ አንድ ድንጋይ እንዲቆም እጠይቃለሁ። የሟቾቹ ስም ይቀረጽበት፣ ቤተሰቦቻቸው እስከፈቀዱ ድረስ። የሊቀ መንበሩም ስም ይኑርበት። የገዳዮች ስም አይጻፍ፤ ያ የፍርድ ቤት ሥራ ነበር።

የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲን ያጸደቀው ሚያዝያ 9 ቀን 2016 ነው፤ ጠርሙሶቹ ከተፈጠፈጡ ልክ በአርባ ሰባተኛው ዓመት፣ በዚያው ቀን። ታስቦበት ይሁን ሳይታሰብ አላውቅም፤ እኔ ግን ቀኑን ሳነብ ብርድ ብርድ አለኝ። ፖሊሲው እውነትን ማፈላለግን ከዋና ሥራዎቹ አንዱ አድርጎ ያስቀምጣል። እውነቱ የሚፈለገው ከማን ነው? ከሞቱት አይደለም። ደምና ስኳር ይዞት ቤቱ ከተቀመጠው የቀድሞ ዘብ፣ ወንፊት ለመዋስ ከሄደችው ከእናቴ ነው። እናቴ ዛሬም በደንብ ታስታውሳለች፤ የነገ ዓመቱን ግን ዋስ ልሆንላችሁ አልችልም።

ለእናንተ ለሰፈሬ ልጆች የምለው አጭር ነው። እድራችሁ ሲፈርስ ድንኳኑንና ድስቱን ስትካፈሉ መዝገቡን አትጣሉት። የ1969ንና የ1970ን ገጾች ገልጣችሁ ተመልከቱ፤ ማን እንዳለበት ብቻ ሳይሆን ማን እንደሌለበት ፈልጉ። አባቶቻችሁ ከእኔ አባት ጎን ተቀምጠው የፈረሙ ከሆነም አትፈሩ። ልጅ በአባቱ እጅ ጽሕፈት አይከሰስም፤ አይቶ እንዳላየ ማለፉ ግን የራሱ ሥራ ይሆናል።

እኔ የያዝኩትን መዝገብ ሙሉ ቅጂ አስነሥቻለሁ። ስማቸው የታወቀው የአምስቱ ሟቾች ቤተሰቦች ከተስማሙ፣ ዋናውን ወመዘክር እያልን ለምንጠራው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት ለማስረከብ ዝግጁ ነኝ። ሦስቱ ፈቅደዋል፤ ከሁለቱ መልስ እየጠበቅኩ ነው። በሰኔ 1969 እና በኅዳር 1970 መካከል ከካሳንቺስ ቤተ መንግሥት ሥር ከነበረው ቀበሌ ልጁ፣ ወንድሙ ወይም እኅቱ ተወስዶበት ስሙ በየትም ያልተጻፈለት ቤተሰብ ይህን ካነበበ፣ በየትኛውም የሰፈራችን የቀድሞ እድርተኛ በኩል ቢልክብኝ ይደርሰኛል። ሁለት ረድፍ ቀርቷል።

የከተማው አስተዳደር ይህን ሥራ የሚረከብ ክፍል ቢመድብ፣ የቀድሞውን ዘብ ቃል ለመስጠት ፈቃደኛ በሆነበት ጊዜ ይዤው ለመምጣት ቃል እገባለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ካሳንቺስ ተወልዳ ያደገች ጡረተኛ መምህርት
ባሕር ዳር